የካሜራው ድንጋይ

ባትሪ ማለት እኛ አገር በእጅ ተይዞ መንገድ የሚያበራው ነው። ሆዱ ውስጥ የሚገባው ግን ድንጋይ ይባላል። «ድንጋዩ አልቋል፣ ገዝተሽ ነይ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁትም እዚህ ስቶክሆልም፣ በስተርጅና፣ ከልጄ ልጅ ጋር ጠረጴዛ ተጋርቼ ነው። ቀድሞ የያዝኩት ቃል ታዲያ ከአፌ አይወጣም። ድንጋይ እላለሁ።

ባለቤቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት ፎቶ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ነው። መርሳት ሲጀምራቸው ልጃችን ትንሽ ካሜራ ገዛችላቸው። ስልክ አይወዱም፤ ካሜራን ግን እጃቸው ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ሻርሆልመን ካለው ቤታችን ወጥተን አደባባዩ ድረስ እንሄዳለን። እሳቸው እኔን ያነሳሉ፣ እኔ እሳቸውን፤ ደግሞ የቤታችንን በር፣ አትክልት የሚሸጠውን ሰውዬ። ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለን እናያለን። ፊት ለፊት ቆሜ የማያውቁኝ ቀን እንኳ ካሜራው ውስጥ ያለችውን ያውቋታል። ምስሏን ያያሉ፣ ቀና ብለው እኔን ያያሉ፣ «አንቺው ነሽ ለካ!» ይላሉ። ትዳራችንን ሁሉ እኔ አንቱ፣ እሳቸው አንቺ ተባብለን ነው የኖርነው።

ባለፈው ጥር ካሜራው ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ጀመር። እኔም የማውቀውን አደረግሁ። አገር ቤት የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። እዚህ በጥር ፀሐይ ከየት ይመጣል? መስኮቱ ስር ያለው ማሞቂያ ላይ አሰጣሁት። በሦስተኛው ቀን እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ አገኘሁት። ላስገባው ብል ጉድጓዱ አልቀበል አለ።

የልጅ ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በስዊድንኛ ነው። ስታየው ጮኸች። «ኔይ፣ ሞርሞር! ፋርሊት!» ኔይ የነሱ «አይ» ነው፤ ሞርሞር እኔ ነኝ፣ የእናቷ እናት፤ ፋርሊት አደገኛ ማለት ነው። ለካ ሊፈነዳ ይችል ኖሯል። በረንዳው ላይ አሸዋ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ኋላም እንዲህ ያለው ወደሚጣልበት ቦታ ወሰደችው። ያተረፈን አምላክ ይመስገን።

ካሜራ በሌለ በሦስተኛው ቀን ሻይ ሳቀርብላቸው ባለቤቴ ከሶፋው ብድግ ብለው እጅ ነሱኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎም ደከሙ። ቤተሰብዎ አይጠብቅዎትም?»

እርስዎ! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አክብሮት ሰውን እንዲህ እንደሚያርቅ አላውቅም ነበር።

የልጅ ልጄን አጠገባቸው ትቼ፣ ካሜራውን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። «ስቴን» አልኳት ሻጯን፤ ድንጋይ በነሱ ቋንቋ ስቴን ነው። «ካሜራ፣ ስቴን።» ተቀብላ ጆሮዋ ላይ ነቀነቀችው፤ ጠጠር የገባበት መስሏታል። ክዳኑን ከፍቼ ባዶውን አሳየኋት። «አሃ፣ ባተሪ!» ስትል፣ «ኔይ ባትሪ!» አልኩ፤ መንገዱ ሁሉ መብራት በሆነበት አገር ባትሪ ምን ያደርግልኛል? ትንሿን ጥቁር ነገር አምጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ቀጭ ስታደርጋት ገባኝና እስክናነባ ሳቅን። ሁለት ገዛሁ። በእጇም በዓይኗም አስረዳችኝ፦ ሙቀት አታስነኪያት፣ ጨርሳ እስክትደርቅ አትጠብቂ፣ ስትሞላ ከቻርጀሩ ንቀያት። «እደጊ፣ ተባረኪ» አልኳት በአማርኛ። ምርቃት አስተርጓሚ አይፈልግም።

ቤት ገብቼ የሞላችው እንድትለይ ቀይ ክር አሰርኩባት። የድሮዎቹን ፎቶዎች ለባለቤቴ አሳየኋቸው። ምስሌን አተኩረው አይተው «ደግ ሴት ትመስላለች» አሉ። ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

በማግስቱ ጠዋት ወጣን። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል። ክሩን ፈትቼ ድንጋይዋን አስገባሁ፤ ካሜራው አንዴ ብልጭ ብሎ ድርግም አለ። አዲሷም! አደባባዩ መሃል ቆሜ እንባዬ መጣ።

ባለቤቴ ካሜራውን ከእጄ ወሰዱት። ጓንታቸውን በጥርሳቸው አወለቁ፣ ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ገፉ፣ ድንጋይዋን አውጥተው ከካፖርቱ፣ ከሹራቡ ስር ብብታቸው ውስጥ ሻጥ አደረጓት። ክንዳቸውን ገጥመው እንደ አቀፈች ዶሮ ቆሙ።

«አንቺ ሴት» አሉኝ፣ «ብርድ ሲመታው ደነዘዘ እንጂ ሞተ ይባላል? ድንጋይ በብብት ነው የሚሞቀው። ስንቴ ልንገርሽ?»

አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም።

«እውነትዎን ነው» አልኳቸው፣ «ረስቼው።»

ጥቂት ቆይተው መለሷት፤ ካሜራው በራ። «በይ እዚያ ጋ ቁሚ። ፊትሽን ወደ ብርሃኑ መልሺ። መጀመሪያ አፍንጫሽን ጥረጊ!»

እርስዎ የሚሉኝ ቀን ከዚያ ወዲህም አልጠፋም። እንዲህ ባለው ቀን በጠዋት ድንጋይዋን አውጥቼ በረንዳው ላይ ትንሽ አቀዘቅዛታለሁ። ከዚያ በእጃቸው አስይዛቸውና «ጌታው፣ ይቺ ነገር እምቢ አለችኝ» እላለሁ። ዳብሰው ያዩዋታል፤ ወደ ብብታቸው ይሰዷታል።

«አንቺ ሴት» ይላሉ።

ተመስገን እላለሁ እኔም።