ጡት ያስጣለው ቅዳሜ

እማዋይሽ አራት ወልዳ ሦስቱን ቀብራለች። ሦስቱንም የቀበረቻቸው ጡት በጣሉ ማግስት ነው። የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛዋ በሆዷ ስትመጣ ጡቷን ነጠቀችው፤ ክረምቱን ሳይወጣ ተቅማጥ ወሰደው። ሁለተኛዋን አማቷ «ይበቃታል፣ እናቷን ጨረሰቻት» ብለው እሬት ቀቡባት፤ ልጅቷ ፊቷን አጨማድዳ ሳምንት እንደ ቆየች ኩፍኝ ጠራረጋት። ሦስተኛው፣ እናቱ ወባ ጥሏት ቡሬ ሐኪም ቤት ስትተኛ፣ በሰው እጅ ቀርቶ የላም ወተት እምቢ ብሎ ሞተ። እንግዲህ አራተኛው ሲወለድ ስሙን ስመኘው፣ በቁልምጫ ስሜ፣ አለችና ማርያም ደጅ ተደፍታ ተሳለች። «ይኸንን ከጡቴ አላስጥለውም፤ ሞትም አያስጥለኝ» አለች። ስታስተኛውም እንዲህ እያለች ነበር፦

ሦስቱን አፈር ወስዶ አንዱን አተረፈኝ፣
ጥባ የኔ ጌታ ሞት እንዳይነጥቀኝ።

ቤቷ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቋሪት በሚያወጣው መንገድ፣ ከላህ ወንዝ ራስጌ፣ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ስመኘው አምስት ዓመት ሞላው፤ ጥጃ ይጠብቃል፣ ከእኩዮቹ ጋር ድንጋይ ይወራወራል፣ ሲደክመው ደግሞ ሮጦ መጥቶ እናቱ ቆማ እያበራየች ሳለ ቀሚሷን ገልጦ ይጠባል። የመንደሩ ሰው ለምዶታል። ወንዝ ሲወርዱ ሴቶቹ ይቀልዱባታል እንጂ አይከፉባትም።

«አንች እማዋይሽ፣ ሚስት ስታመጭለት ነው የምታስጥይው?»

«ሚስቱም ወረፋ ትጠብቃ! ያንች ባል በአርባ ዓመቱ ጠላ ቤት ለጠላ ቤት ሲጠባ ማን ምን አለው?»

ባሏ ዘሩ ግን አይቀልድም። ዘሩ እንደ ክረምት ወንዝ ድምፁ ሳይሰማ የሚሞላ ሰው ነው። ሲሞላ ያየው ያውቀዋል፤ አንዴ አጥሩን የሰበረች የራሱን ላም በአንድ ዱላ ጥሏታል።

ኢሕአዴግ በገባ በአሥራ አምስተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ አንዲት ነጭ መኪና አቧራዋን እየጎተተች አውድማው ድረስ መጣች። አንድ ካሜራ የተሸከመ ጎልማሳና አንዲት ሱሪ የለበሰች የአዲስ አበባ ልጅ ወረዱ። ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና ለቴሌቪዥን ሊያነሱ ነው ተባለ። ልጅቷ አፏ ማር ነው።

«የኔ እናት፣ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አምስቱን ጨርሶ ስድስተኛውን ሊይዝ ነው። ዕድሜ ይስጥሽ።»

«እስካሁን ለምን ይጠባል?»

እማዋይሽ ነገረቻት። የሦስቱን ስም እየጠራች፣ የሦስቱን መቃብር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ በጣቷ እያሳየች፣ የእሬቱን ነገር፣ የቡሬውን ነገር፣ እያነባች፣ አንድ ሳታስቀር። ልጅቷም ዓይኗን ጠረገች። «ብዙ እናቶች ያዩሻል፤ ትምህርት ነው የሚሆነው» አለቻት። እማዋይሽ በዕድሜዋ ታሪኳን የጠየቃት ሰው ያቺ ብቻ ነበረች። ስለዚህ እርጎ በቅል ሞልታ ሰጠቻት፣ መኪናዋ ከኮረብታው እስክትሰወርም እጇን አውለበለበች።

ሚያዝያ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ባልና ሚስት ጤፍ ጭነው ፍኖተ ሰላም ገበያ ወረዱ። ስመኘው በአባቱ ትከሻ ላይ ነበር። ሸጠው ሲጨርሱ ገበያው ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ገቡ። ቴሌቪዥኑ በብረት ፍርግርግ ተከቦ ከጣሪያው ሥር ተሰቅሏል። ሰው አንገቱን አቅንቶ ያያል።

«እማ! እኔ! እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ ስመኘው።

እውነትም እሱ ነው። በአንድ እጁ ሽመል ይዞ፣ ሁለት እግሩ መሬት ረግጦ፣ የእናቱን ጡት በአፉ እንደ ያዘ ዓይኑን ወደ ሰው ሁሉ አፍጥጧል። እማዋይሽ መቃብሮቹ እስኪመጡ ጠበቀች። አልመጡም። የሦስቱ ስም አልተጠራም። እንባዋም የለም። የታየችው ስትስቅ ብቻ ነው። አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ «ኋላ ቀር ልማድ» እያለ አለፈ። ወዲያው ደግሞ ጭውውት መጣ፤ አንድ ጢማም ተዋናይ የሕፃን ጨርቅ አንገቱ ላይ አስሮ አንዲት ሴት ጭን ላይ ወጣና «እማዬ፣ ጡት!» እያለ ተንፈራገጠ። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ተመልካቾች ሳቁ። ከዚያ ሻይ ቤቱ ሳቀ።

ጌታሁን የሚባል የከብት ነጋዴ እዚያው ተቀምጧል። ከወንዙ ማዶ መንደር ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ምላሱን መያዝ የማይችል እንጂ።

«ዘሩ!» አለ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፤ «ለአንተስ የቱን ተወልህ? ግራውን ነው ቀኙን?»

ቤቱ ተናጋ። ዘሩ ልጁን ከትከሻው አወረደ።

«ተው ጌታሁን።»

«እኔን ተው ትለኛለህ? ልጁን ተው በለው እንጂ! ና እስቲ ስሜ፣ ከጠገብህ ለአባትህ ልቀቅለት፤ እሱም ከሲታ ነው!»

የወይራው ዱላ ሲነሳ ማንም አላየውም፤ ሲያርፍ ግን ሁሉም ሰማው። ጌታሁን ከነሳቁ ወደ ኋላ ሄደ። ዘሩ ደገመው። ሦስተኛውን ሲያሳርፍ ግንባሩ እንደ ቅል ፈረሰ፤ ደሙ በጠረጴዛው ላይ ከሻዩና ከስኳሩ ጋር ተቀላቅሎ ወደ መሬት ተንጠባጠበ። እማዋይሽ የባሏን ክንድ ስትይዝ በክርኑ መታት፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ረገፉ። ሰው በበርና በመስኮት ፈሰሰ። ስመኘው በጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ የሟቹ ተረከዝ መሬቱን ሲደበድብ፣ ከዚያም ጸጥ ሲል ተመለከተ። ቴሌቪዥኑ ብቻ ገና ይስቅ ነበር።

ዘሩ ሸሽቶ በሦስተኛው ቀን ቡሬ ላይ እጁን ሰጠ። እማዋይሽ ያበጠ አፏን በነጠላ አስራ ልጇን ይዛ ቤቷ ገባች። ስታቅፈውና ጡቷን ስትሰጠው ከንፈሩን ገጠመ።

«ምነው ስሜ? ጥባ እንጂ።»

«እምቢ። እሱ ነው ሰውየውን የገደለው።»

«ማን?»

ልጁ በጣቱ ጡቷን አሳያት። ወተቱ ጡቷ ውስጥ ተጋግሮ ትኩሳት ሆነባት፤ እያለበች ምድጃ ላይ ታፈሰው ጀመር።

ማዶ ጌታሁን ሲቀበር አልቃሿ በእናቱ አፍ እንዲህ አለች ተባለ፦

ጦር ሜዳ ሳይሄድ ጠላት ሳይገጥመው፣
ልጄን በገበያ ሳቁ ገደለው።

ታናሽ ወንድሙ ወንዳወቅ ደግሞ ከመቃብሩ ራስጌ ክላሹን ወደ ሰማይ አንጣጣና ፎከረ፦

የጌታሁን ወንድም የወለተ ልጅ፣
ደሙን ሳይመልስ አይገባም ከደጅ።

እንደ ፎከረውም ከደጅ አልገባም። በሳምንቱ የእማዋይሽ በሬ ቋንጃው ተቆርጦ ማሳው ውስጥ ሲንፈራፈር ተገኘ፤ ጎረቤት አርዶ ገላገለው። በሁለተኛው ሳምንት የገለባው ክምር ነደደ። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ድንጋይ ተሸክመው ወንዙን ሁለት ጊዜ ተሻገሩ፤ ሁለት ጊዜም ተመለሱ። «ዘሩን መንግሥት እያበላው ነው» አላቸው ወንዳወቅ፤ «እኔ የምደርሰው ልጁ ላይ ነው። ወንድ ነው አይደል? አምስት ዓመትም ወንድ ነው።» ባራተኛው ሳምንት፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ስመኘው ሊሸና ከበር ወጣ ሲል ጥይት የቀኝ ጆሮውን ጫፍ ይዞት ሄደና በሩን በሳው። ልጁ አላለቀሰም። ደሙን በመዳፉ ይዞ መጥቶ ለእናቱ አሳያት።

እማዋይሽ የዚያን ዕለት ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ገብረ ሕይወት ሄደች።

«አባ፣ በአያቶቻችን ዘመን ከገዳይ ወገን የሆነ ሰው የሟችን እናት ጡት ከጠባ ልጅ ሆነ፣ ወንድም ሆነ ይባል አልነበር?»

«ነበር ልጄ። ወንድም ወንድሙን አይገድልምና ደሙ ይደርቃል። ግን ዛሬ ማን ያደርገዋል? ሰው ይስቅብናል።»

«ተስቆብኝማ አልቋል፣ አባ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ላህን ተሻገሩ። አባ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ ስመኘው በመሐል፣ እማዋይሽ ማጅራቷ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክማ ከኋላ። የጌታሁን እናት ወለተ ኢየሱስ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ በሐዘን የነጩት ፊታቸው ቅርፊት ይዞ፣ ደጃፋቸው ላይ አፈር ላይ ተቀምጠዋል። እማዋይሽ ከፊታቸው በግንባሯ ተደፋች።

«እሜቴ፣ ልጅዎን ገደልንብዎ። ምትክ የለኝም። ያለኝ ይኸ ነው። ከጡትዎ ያስነኩትና ልጅዎ ይሁን።»

ወንዳወቅ ክላሹን ይዞ ከጓሮ ወጣ። አባ መስቀሉን ዘረጉ፤ በክንዱ ገፍቶ አሳለፋቸው። አሮጊቷ ግን እጃቸውን ሲያነሡ ቆመ። ልጁን ከጆሮው እስከ እግሩ እያገላበጡ ዐዩት። ከዚያ የሐዘን ቀሚሳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ጡታቸው እንደ ባዶ አቁማዳ ከደረታቸው ላይ ወረደ።

«አምጭው።»

ስመኘው አፉን ገጠመ።

«ጥባ ስሜ፣ እናት ናቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ።»

«እምቢ! አልጠባም! እሳቸውም ይሞታሉ!»

ወንዳወቅ ሳቀ። የዚያን ቅዳሜ ዓይነት ሳቅ ነበር። «በቴሌቪዥን ሲሆን ነው የሚጠባው? እማማ፣ ይልበሱ፤ አዋረዱን» አለና ክላሹን አቀባበለ።

ያን ጊዜ እማዋይሽ ድንጋዩን ጥላ ተነሣች። በሕይወቷ አንድ ቀን እጇን ያላሳረፈችበትን ልጅ በጥፊ መታችው። ደገመችው። የተቀደደው ጆሮው ደም ፈሰሰው። ማጅራቱን ይዛ፣ መንጋጋውን በሁለት ጣት ጨምቃ፣ ጥጃ እንደሚያስጠቡ ፊቱን አሮጊቷ ደረት ላይ ደፈቀችው። ልጁ ታፈነ፤ ተንፈራገጠ፤ አፉን ከፈተ፤ ከፍቶም ባለ በሌለ ጥርሱ ነከሰ።

ወለተ ኢየሱስ ጮኹ። ደም በደረቀው ቆዳቸው ላይ ወረደ። ወንዳወቅ ዘሎ አፈሙዙን በልጁ ማጅራት ላይ ተከለው፤ እማዋይሽ የራሷን እጅ በአፈሙዙና በማጅራቱ መሐል ሰገሰገች።

«ተው!» አሉ አሮጊቷ። አፈሙዙን በባዶ እጃቸው ጨብጠው ወደ ራሳቸው ሆድ አዞሩት። «ሰባት አጥብቻለሁ፤ ያልነከሰኝ የለም። አንተም ነክሰኸኛል። ጌታሁን ጥርስ ባወጣ ጊዜማ ደም እያለቀስኩ ነው ያሳደግሁት። ይኸው ደሜ አፉ ውስጥ ነው። አሁን ብትተኩስ የማንን ደም ታፈሳለህ?»

ወንዳወቅ ቆመ። ከዚያ ክላሹን አፈር ላይ ጥሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ከቀብሩ ወዲህ ያላለቀሰውን አለቀሰ። አባ ገብረ ሕይወት «ደሙ ደረቀ» ብለው መስቀላቸውን በአሮጊቷ፣ በወንዳወቅና በልጁ ራስ ላይ አኖሩ።

አሮጊቷ የልጁን አፍ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። እማዋይሽም እጁን ልትይዝ ስትዘረጋ ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ልጄ ከሆነ ቤቴ ነው የሚያድረው። የጌታሁን መደብ ባዶ ነው።»

እማዋይሽ አባን ዐየች። አባ መሬት መሬት ያያሉ።

«እስከ መቼ ነው፣ እሜቴ?»

«እስክሞት። የኔንስ እስከ መቼ ወሰዳችሁት?»

እማዋይሽ የአሮጊቷን ጉልበት ሳመች፣ ልጇን ሳትስም ተነሣች፤ ብትስመው እጇ እንደማይለቀው ታውቃለች። ቁልቁለቱን ስትጀምር ከኋላዋ «እማ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ዞራ ብታይ ወንዳወቅ ሐሳቡን ይለውጣል፣ አሮጊቷም ይጸጸታሉ ብላ ፈራች። አልዞረችም። «እማ! እማ!» አለ ደግሞ፣ እየራቀ።

ወር ሙሉ ስታልበው ደረቀ ያለችው ወተት በዚያ ድምፅ ወረደ። ሁለቱንም ጡቶቿን ወጠራት፤ የቀሚሷን ፊት አረጠበና እስከ መቀነቷ ደረሰ። አባ ዐይተው ፊታቸውን መለሱ። እማዋይሽ በጨርቅ አልጫነችውም፣ በእጇም አልሸፈነችውም። እየፈሰሳት ወንዙ ውስጥ ገባች።