ከኋላችን የሚሄዱት አያታችን

አያታችን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከጌጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ረግረግ ዳር፣ የድሮ ነጋዴዎች በቅሎ ይነዱበት በነበረው መንገድ ያንሸራሽሩን ነበር። ሁልጊዜ ከሁላችን ኋላ ይሄዳሉ። እኔ ደክሞኝ ስዘገይ፣ "ኧረ ቁሙ ልጆች! ቦቲዬን ጭቃው ያዘው!" ብለው ይጮኻሉ። ወንድሞቼ "አባባ አረጁ!" እያሉ ሲስቁባቸው እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። አጠገባቸው የምሆነው እኔ ግን ደረቅ መሬት ላይ እንደቆሙ አያለሁ። ደክሞኛል ማለት እንደማፍር ያውቁ ነበር።

የአርባ ቀን ተዝካራቸው ከወጣ በኋላ በዚያው መንገድ ሄድን። ወንድሞቼ ሳያስተውሉ ራቁኝ። ዞር ስል ከኋላዬ ማንም የለም። ቆሜ ጥቂት አለቀስኩ። ከዚያም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ደክሞኛል፣ ጠብቁኝ!" አልኩ።