ያልቆሸሸው ሸሚዝ

ከጃፓን ጋር የሚዋጋው የአሜሪካ እግረኛ ክፍለ ጦር ሌይቴ ደሴት ከወረደ ወዲህ፣ ሴፓ የወታደር ልብስ እያጠበች ትተዳደራለች። ስማቸውን አትጠይቅም፤ እንደ መንደሩ ሰው ሁሉንም ጆ ትላቸዋለች። አንዱ ጆ ግን ግራ ያጋባታል። ቁመቱ በሩን ያህላል። እንደ አገሬው ጫማውን ደጅ አውልቆ ይገባል። ሁልጊዜም ሁለት ሸሚዝ ያመጣል፦ አንዱ ጭቃ የደረቀበት የራሱ፤ ሌላው ክንዱን እንኳ የማያስገባ ትንሽ ሸሚዝ፣ ባለፈው ሳምንት ራሷ አጥባ እንዳጠፈችው።

“አንተ ጆ፣ ይሄ እኮ ንጹሕ ነው! ማን ለበሰውና?”

“ብቻ ይጠቡልኝ፣ እማማ።”

“ሳሙና ከሰማይ ይወርድልኛል መሰለህ?”

“ባለፉት ሁለት ደሴቶችም ያጠቡልኝ ሴቶች እንዲሁ ተቆጥተውኝ ነበር” አለና፣ ምንም የሌለበትን አንገትጌ በጣቱ ጠረገ።

ክፍለ ጦሩ ተራራው ላይ ሲዋጋ ከርሞ በተመለሰ ማግስት፣ አይታው የማታውቅ ቀጭን ወታደር ደጃፏ ላይ ቆመ። ማንም ሳይነግረው ጫማውን አወለቀ።

ሦስት ሸሚዝ ይዟል። ሁለቱ፣ አንዱ በጣም ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ ራሷ እንዳጠፈቻቸው ናቸው።