በተገለበጠው ብርጭቆ የቀረ እርጎ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ግማሹን ትምህርት የፕላዝማው ቴሌቪዥን፣ ግማሹን መምህሩ ነበር የሚያስተምረን። አንድ ሰኞ የባዮሎጂ መምህራችን በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ዱቄት ይዞ ገባ።

«ትራንስግሉታሚኔዝ ይባላል፤ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ኢንዛይም ነው» አለን። «ፕሮቲንን ከፕሮቲን ያስተሳስራል፤ እርጎ ያጠነክራል። ሐሙስ ለሳይንስ ክበብ ማን ያሳያል?»

እጄን ቀድሜ አወጣሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ «ስሙን እንኳ መጥራት ሳትችዪ!» አለችኝ።

«ትራንስግሉታሚኔዝ!» አልኩ ሳልተነፍስ። ክፍሉ ሳቀ።

መምህሩ ሁለት ቁንጥር ሰጠኝ። «ሌላ የለኝም» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ማታ እማዬ ያለበችውን ወተት በሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ። በሁለቱም የትናንት እርጎ ጠብ አደረግሁ፤ በአንዱ ብቻ ዱቄቱን ጨመርሁ። ጠዋት ስገለብጣቸው ሁለቱም እግሬ ላይ ፈሰሱ።

«ይኼ ነው ሳይንሱ?» አለች እማዬ። «የኔን እርጎ እንኳ አላከለም!»

አንገቴን ደፍቼ ለመምህሩ ነገርኩት።

«ወተቱን አፍልተሽዋል?»

«ኧረ ቲቸር! የፈላ ወተት እርጎ ይሆናል እንዴ?» እኛ ቤት የሚፈላው ለበሽተኛ ነው።

ሳቀ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ባደግሁበት ከተማ ወተት ሳይፈላ ስለማይነካ ልነግርሽም አልመጣልኝ። ጥሬ ወተት ውስጥ ኢንዛይሙን የሚይዘው ነገር አለ፤ እሳት ካላጠፋው አይሠራም።»

የቀረኝ አንድ ቁንጥር ነው። እማዬን ለመንኳት።

«ወተት አፍልቶ ማርጋት! ጎረቤት ቢሰማ ምን ይለኛል?» አለች፤ ግን በሩን ዘግታ ራሷ አፈላችልኝ። ለብ ሲል እንደ በፊቱ አደረግሁ።

ሐሙስ ለመገልበጥ ሳልደፍር ብርጭቆዎቹን ታቅፌ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ዱቄት የሌለበትን ባልዲ ላይ ስደፋው ዷ ብሎ ወረደ። ጓደኛዬ ብድግ አለች።

«ሁለተኛውን በራሴ ላይ ገልብጪው! ሹሩባዬን የተሠራሁት ትናንት ነው፤ ከፈሰሰ አንቺ ትፈቺኛለሽ፣ አንቺ ትሠሪኛለሽ።»

ከራሷ በላይ ገለበጥሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጠሩ። አሥር ደረሱ። እርጎው ንቅንቅ አላለም! ጭብጨባው የፕላዝማውን ድምፅ ዋጠው።

ብርጭቆውን እንደያዝሁ ቤቴ ሮጥሁ። እማዬም ገልብጣ አየችው፤ በማንኪያ ቀመሰችው።

«ጥንካሬስ አለው» አለች። «ጣዕም ግን የኔን አያህልም፤ ብርጭቆሽን እንደ እርጎ ዕቃዬ የወይራ ጭስ አላገኘው።»

ይህን እያለች ብርጭቆውን እስከ ታች በጣቷ ጠረገችው።