የጭን ልክ

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ከአርባ ዓመት በላይ ሱሪ ሰፍቻለሁ። የሰው ገላ እንዴት እንደሚያረጅ አውቃለሁ ብል አላፍርም። ቦርጭ ሲወጣ፣ ትከሻ ሲወርድ ማንም ያየዋል። ጭን መሟሸሹን ግን ቀድሞ የሚያውቀው ሜትር የያዘ ሰው ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ደንበኛ ነበሩኝ፤ ቤታቸው አፍንጮ በር። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ "ጋሼ" እላቸዋለሁ። ስኳር እንዳለባቸው ሲነገራቸው ለመክሳት ቆረጡ። ነገር ከጀመሩ የማይተዉ ሰው ናቸውና እንቁላሉን፣ ሥጋውን፣ ወተቱን ሁሉ ትተው በጎመንና በሻይ መዋል ያዙ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሱሪ ሊያስጠብቡ መጡ።

"አጥብባት!" አሉኝ በሦስተኛው ጊዜ፣ ወገቡን በሁለት ጣት ወደፊት እየሳቡ። "የተማሪነት ክብደቴ ላይ ደርሻለሁ።"

ሻይ የሚጠጡበት ካፌ ያለ ሰው ሁሉ "ሙሽራ ሊሆኑ ነው እንዴ?" እያለ ያሞካሻቸዋል። እኔም አሞካሽቻቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ሜትሩን ጭናቸው ላይ ሳዞር ደነገጥኩ። የልክ ደብተሬን ገለጥኩ። ከወገባቸው ይልቅ ከጭናቸው የሄደው ይበልጣል። ከወንበሩም የተነሱት ባንኮኒዬን ተደግፈው ነው።

"ጋሼ፣ እግርዎ ደህና ነው?"

"ምን ይሆናል? ቀለለኝ እንጂ!"

ዝም አልኩ። እኔ ልብስ ሰፊ፣ እሳቸው የተማሩ ሰው። ሱሪውን አጥብቤ ሸኘኋቸው። ያ ዝምታ ዛሬም ይቆጨኛል።

ክረምቱ ሳይወጣ ከታክሲ ሲወርዱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ተሳክቶ ነበር፤ አልጋ ላይ መዋሉ ግን የቀረቻቸውን አቅም ጨረሰባቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ ትልቋ ልጃቸው ሾርባ በማንኪያ ትሰጣቸዋለች። "ስንት ጊዜ ቀንስ ተባልኩ፤ አሁን ደግሞ ብላ፣ ብላ!" ብለው ሳቁ። ጥቅምት ላይ ቀበርናቸው።

ከቀብር በተመለስኩ ማግስት ሱቄን ዘግቼ የራሴን ጭን ለካሁ። ቦርጫም ነኝና እግሬ ይከሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለልጄ ሠርግ የራሴን ሱፍ ስሰፋ ከጻፍኩት ልክ በአራት ሳንቲ ሜትር ቀንሷል። ሆዴ ደግሞ በዚያው ልክ ገፍቷል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ዶክተሯ ልጄን የምታህል ናት። እጇን አጥብቄ እንድጨብጥ፣ ባቴን ካየች በኋላም እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ ከወንበር አምስት ጊዜ እንድነሳ አዘዘችኝ። ሦስተኛው ላይ ቀረሁ።

"አባባ፣ ሚዛን ብቻውን አያስረዳንም" አለችኝ። "ወፍራም ሆኖ ጡንቻው ያለቀ ሰው አለ። ቦርጩ ይጎዳዎታል፤ በእርስዎ ዕድሜ ግን የጡንቻ ማለቅም ዕድሜ ያሳጥራል። ተርበው ቢከሱ ደግሞ ክሳቱ ያለዎትንም ጡንቻ ይዞት ይሄዳል።"

"ታዲያ ጂም ልግባ?"

"ከወንበር ይነሱ፣ ይቀመጡ። ዳገት ይውጡ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ አይጉደልብዎ።"

ዳገት ለፒያሳ ሰው ምን ብርቁ ነው! ታክሲ ተውኩና ጠዋት ጠዋት እስከ ምኒልክ አደባባይ በእግሬ መውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ቦታ አርፍ ነበር። ቤት ውስጥም ከወንበር ስነሳ ስቀመጥ ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ወንበሩን ልትጨርሰው ነው!" ብላ ሳቀችብኝ። በወሩ የራሷን ወንበር ከጎኔ አምጥታ አብራኝ ትቆጥር ጀመር።

ይኸው ዓመት ሆነኝ። ክብደቴ እምብዛም አልቀነሰም። ቦርጬ ግን ትንሽ ገባ፣ ጭኔም ሞላ ብሏል። አምስቱንም ጊዜ እጄን አጣምሬ እነሳለሁ፤ ስድስተኛውን ለጉራ እጨምራለሁ።

አሁን ሽማግሌ ደንበኛ "አጥብብልኝ" ሲለኝ ዝም አልልም። ባለፈው ሳምንት ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ አንድ ጡረተኛ ጓደኛዬን በእጁ ሳይደገፍ ከወንበር እንዲነሳ ጠየቅኩት።

"ሰፊ ነህ ወይስ ሐኪም?" ብሎ ተቆጣ።

"ሱሪህን አጠብብልሃለሁ፤ መጀመሪያ ተነስ።"

ሞከረ። ተመልሶ ተቀመጠ። ደግሞ ሞከረና ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ግድግዳውን እንደያዘ "ጠዋት ዳገቱን በስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?" አለኝ።

"አንድ ሰዓት ላይ።"

"ጥለኸኝ እንዳትሄድ" አለኝ።