ከጓሮዬ የወጣው ሀዲድ

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ዓመት፣ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ስለ ብረቱ ብዬ አይደለም። ብረቱን አምኜ የሰጠሁት ሰው ነው ያቃጠለኝ።

የምኖረው ከአትላንታ ወጥቶ፣ ከኮንየርስ ከተማም አልፎ ባለ የገጠር ካውንቲ ነው። ኮንየርስ ባለ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ቤቱ በርካሽ የተገኘው ባቡር በጓሮው ስለሚያልፍ ነው። ሰው ሁሉ "ጩኸቱን እንዴት ቻልሽው?" ይለኛል። አቦ፣ እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ! አባቴ የምድር ባቡር ሀዲድ ሠራተኛ ነበር፤ ያደግኩት በዚሁ ጩኸት ነው።

ያን ቀን ለቃሪያ መደብ ስቆፍር ዶማዬ ብረት መታ። ታግዬ ሳወጣው ሁለት ክንድ የሚያህል የዛገ ሀዲድ ሆኖ ተገኘ። ሀዲድ መሆኑን ለማወቅ ማንንም አልጠየቅሁም። ግን እንደ ተጨመቀ ፎጣ ተጠምዝዟል። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።

ጎረቤቴን ሚስተር ዋልተርን ጠራኋቸው። ሰማንያ ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ብረቱን ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"የዛሬ መቶ ስልሳ ዓመት፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የሰሜኑ ጦር እዚህ ሲደርስ ሀዲዱን ነቀለው" አሉኝ። "እንጨቱን አንድዶ፣ ብረቱን በእሳቱ አግሎ ዛፍ ላይ ጠመዘዘው። ደቡቦቹ መልሰው እንዳይዘረጉት ነው።"

ከዚያ ተንበርክከው እጃቸውን አሳረፉበት። "መጀመሪያ ይህን ሀዲድ ያነጠፉት ባሮች ናቸው። አንዱ የአያቴ አያት ነው፤ ኢላይጃ ይባላል። ስሙ የትም አልተጻፈም።"

ፎቶ አነሳኋቸው። የካውንቲያችን አሮጌ ባቡር ጣቢያ ትንሽ ሙዚየም ሆኗል። "ብረቱ እዚያ ይቀመጣል፤ የኢላይጃም ስም ይጻፋል" ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

ለሙዚየም ዕቃ ሲሰጥ ፎርም ይሞላል። እኔ ግን በእንግሊዝኛ ፎርም ሙዪ ስባል ላብ ያጠምቀኛል። ስለዚህ ሰናይትን ጠራሁ። ሰናይት የልጄ የክርስትና እናት ናት፣ አበልጄ። ሃያ ዓመት እዚህ የኖረች፣ ቢሮ የምትሠራ፣ እንግሊዝኛው አፏ ውስጥ የሚቀልጥላት። የኢላይጃን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት።

በባሏ ፒካፕ መጥታ ብረቱን ስንጭን ሚስተር ዋልተር በአጥሩ በኩል "ወረቀት አታስፈርሚያትም?" አሉኝ። ሳቅሁ። አበልጅን ወረቀት ማስፈረም! ሰው ቢሰማ ምን ይላል? "ልጄን ክርስትና ያነሳች ናት" ብዬ አስረዳኋቸው።

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ" አሉ።

ከዚያ "ምን ደረሰ?" ባልኳት ቁጥር "እየመረመሩት ነው፣ አትቸኩዪ" ትለኛለች። በኋላማ ቴክስት ሳደርግላትም መመለስ ተወች። ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ለራሴ እኔው ጠበቃ ቆምኩላት።

መስከረም ላይ ሙዚየሙ አዲስ ኤግዚቢሽን መክፈቱን ሰማን። ሚስተር ዋልተር ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው ደጃፌ ላይ ቆሙ። ይዣቸው ሄድኩ። ብረታችን መስታወት ውስጥ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን ጮክ ብለው አነበቡት፦ "በወይዘሮ ሰናይት ግቢ የተገኘ፣ በቤተሰባቸው የተበረከተ።" አጠገቡ ሰናይት ብረቱን ተደግፋ የሳቀችበት ፎቶ አለ።

ኢላይጃ የለም። እኔም የለሁም፤ እኔስ ይቅር።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሚስተር ዋልተር ቀስ ብለው ዞረው "ታውቂ ነበር?" አሉኝ። ምዬ ተገዝቼ አላውቅም አልኳቸው። እሳቸው ግን ቀድመውኝ ወደ መኪናው ሄዱ።

ወዲያው ደወልኩላት። "ጋዜጠኛ ቢጠይቅሽ በምን አፍሽ ልትመልሺ ነበር?" አለችኝ። "ቢያንስ የሐበሻ ስም ተለጠፈ።"

"የሰውየውን ስም ነግሬሽ አልነበር?"

"የትም አልተጻፈም አላልሽኝም? ያልተጻፈ ስም ከየት አምጥቼ ልጻፍ?"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ጀርባዬን ያኔ አመመኝ።

በወሩ ሽማግሌ ላከችብኝ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው "አበልጅ አይጣላም፤ ለልጅሽ ስትዪ" አሉኝ።

"እኔ ይቅር ብያለሁ። የተበደሉት ግን እዚያ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ናቸው። እሷን ጥሯትና አብረን እንሂድ" አልኩ።

 አንደኛው "ልጄ፣ እሳቸው ምን አገባቸው? ይህ የእኛው የእርስ በርስ ጉዳይ ነው" አሉ። ማንም ከሶፋው አልተነሳም። ሰናይት ስትክደኝ ያላለቀስኩት ሴትዮ እነሱን ሸኝቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ከሥራ ኦፍ ነበርኩ። ስልኬን ይዤ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሙዚየሙ ገባሁ። ያኔ ባነሳሁት ፎቶ ላይ ሚስተር ዋልተር ጓሮዬ ውስጥ ተንበርክከዋል፤ ብረቱ ከነአፈሩ ነው፤ ከኋላ የቤቴ በር ይታያል። የሙዚየሙ ሴትዮ ቆይታ አየችውና ፎርም ሰጠችኝ።

ያ የፈራሁት ፎርም አንድ ገጽ ነው። ስም፣ አድራሻ፣ ብረቱ የት እንደተገኘ፣ ታሪኩ ምን እንደሆነ። በቃ! የኢላይጃንም ስም ጽፌበት በሩብ ሰዓት ጨረስኩት።

አሁን ጽሑፉ ተቀይሯል፤ ኢላይጃ ይላል። ሚስተር ዋልተርም እንደ ድሮው በአጥሩ በኩል ቃሪያ ይጠይቁኛል። ልጄ ግን "ክርስትና እናቴ ለምን አትመጣም?" ትለኛለች። በሰናይት ዛሬም እናደዳለሁ። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን የራሴው ነገር ነው፦ አንድ ገጽ ወረቀት ፈርቼ የሰውን አደራ አሳልፌ ሰጠሁ።