የግራው ሳጥን

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከቡሬ እህል ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል፤ ሲመለስ ጨው፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮ ይጭናል። እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ከጨው ጆንያዎቹ መሀል ሁለት ትልልቅ የእንጨት ሳጥኖች አወረደ። ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን የገዛቸው ስፒከሮች ነበሩ፤ ከነማጉያቸውና ከነሸክላ ማጫወቻቸው። በመኪና ባትሪ ይሠሩ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ባትሪውን ከመኪናው ፈትቶ ያመጣና ሸክላ ያስቀምጣል፤ የሰፈሩ ሰው አጥር ተደግፎ ያዳምጣል።

አባቴ ከሞተ በኋላ ሳጥኖቹ ዳንቴል ለብሰው ግድግዳ ተጠግተው ቀሩ። እናቴ የግራው ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ድምፃቸውም ተበላሽቶ ነበር። የቀኙ ወፍራም ድምፅ ሲመጣበት እንደ ተቀደደ ከበሮ ይርገበገባል። የግራው ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ታፍኗል። እኔ በዚያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ሳይንስ አስተምር ነበር። ሬዲዮ የሚጠግን አንድ ባልደረባዬ ሽቦ ማያያዝና እርሳስ ማቅለጥ አሳይቶኝ ስለነበር፣ አንድ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአባቴን ስፒከሮች አድሳለሁ ብዬ ወደ ቡሬ መጣሁ።

በቀኙ ጀመርኩ። የኋላውን ሳንቃ ስፈታ አቧራና የሸረሪት ድር ፊቴ ላይ ፈሰሰ። የትልቁ ስፒከር ወረቀት ደህና ነበር፤ ጠርዙ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የለፋ የፍየል ቆዳ ከገበያ ገዝቼ፣ በምላጭ እየፋቅሁ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳሳሁት፤ እንደ ቀለበት ቆርጬም ዙሪያውን ለጠፍኩለት። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር ፈጽማ ሞታ ስለነበር፣ ባልደረባዬ ከመርካቶ ባመጣልኝ አዲስ ተካኋት። ወፍራሙን ድምፅ እየከለከለች ቀጭኑን ብቻ የምታሳልፍላት ኮንደንሰርም ሰሟ ፈስሶ ደርቃ ነበር፤ እሷንም ቀየርኩ። መበየጃዬን የማግለው በከሰል ነበር። በመጨረሻ ሳጥኑን እናቴ ባባዘተችው ጥጥ ሞልቼ ዘጋሁት።

አባቴ ይወደው የነበረ የመሲንቆ ሸክላ አስቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ዘፈን ነው። አሁን ግን ደጋኑ ጭራውን ሲፍቅ ይሰማል። ሰውዬው ግጥሙን ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል። ደንግጬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ፤ ቤት ውስጥ ሰው የገባ መስሎኝ ነበር። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ይኼ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር?» አለች።

«ነበር። ነገ የግራውን እከፍትልሻለሁ።»

ፊቷ ባንዴ ተለወጠ። «የግራውን ተይው።»

«ለምን?»

«አንዱ ይበቃናል። ጆሮዬን አታድርቂብኝ!» ሄዳ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠችበት።

የአባቴ እጅ ያረፈበትን ዕቃ ማስነካት ከብዷት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ግን አንዱ እንዲያ ጠርቶ ሌላው ሲታፈን መስማት ቀስ በቀስ አስጠላኝ። ለኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ጠዋት መፍቻዬን ይዤ የግራው ሥር ተንበረከክሁ። ሦስቱ ማዕዘን ላይ የጣሊያኑ ብሎኖች አሉ። በአራተኛው ቦታ ግን ዝገት የበላው ተራ ሚስማር ነው።

ሳንቃው ሲወልቅ ጥጥ አላየሁም። የማዳበሪያ ከረጢት ሳጥኑን ሞልቶ፣ የትልቁን ስፒከር ጀርባ ደግፎ ቆሟል። የታሰረው በመቀነት ነው፤ የእናቴ መቀነት። ፈታሁት። በማባዣ የተባዙ ወረቀቶች ነበሩ፤ ርዕሳቸውን አነበብኩ፤ መንግሥትን የሚቃወሙ ናቸው። በቤት ለቤት አሰሳው ዘመን ከእነሱ አንዷ ብቻ ኪሱ የተገኘችበት ሰው አይመለስም ነበር። ከሥራቸው አንድ የተማሪ ደብተር አለ። ጽሑፉ የታናሽ ወንድሜ ነው። አሥራ አንድ የሰው ስም ተጽፎበታል።

ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ነበር ከትምህርት ቤት የወሰዱት። እኔ ያን ጊዜ መምህራን ማሠልጠኛ ስለነበርኩ ቤታችን መፈተሹን የሰማሁት በደብዳቤ ነው። «ምንም አልተገኘም» ይል ነበር ደብዳቤው። ሦስት ዓመት ታስሮ ተፈታ፤ አሁን እዚያው ቡሬ እህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ይሠራል። ስለዚያ ጊዜ አንዳችን ተናግረን አናውቅም። ደግሞም መንግሥቱ ያው መንግሥት ነበር። ተነስቼ በሩን ቀረቀርኩና ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

እናቴ መጥታ በሩን ስከፍትላት ሳጥኑን አየች፤ ወረቀቶቹን አየች፤ ነጠላዋን ሳታወልቅ ግድግዳውን ተደገፈች።

«አነበብሽው?»

«አነበብኩት። እማዬ፣ አንቺ ነሽ የከተትሽው?»

«ታዲያ ማን ይሆናል? አባትሽ መንገድ ላይ ነበር» አለች። ከዚያ ሰባት ዓመት የያዘችውን ቀስ እያለች አወጣችው።

«ልጁን ወሰዱት ያሉኝ በጠዋት ነው። ጎተራው ውስጥ እጁን ሲሰድ ስንቴ አይቼዋለሁ፤ ገብስ ሊቆረጥም መስሎሽ ነው? ገብቼ አወጣሁት። ማንበብ አልችልም፤ ግን ልጄን የሚበላው ይኼ ነው አልኩ። እንዳላቃጥለው በዚያ ሰሞን ጭስ የወጣበት ቤት ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። የተቃጠለ ወረቀት አመዱ ጎረቤት ድረስ ይበራል። የአባትሽ መፍቻ መደርደሪያው ላይ ነበር። ሲከፍተው አይቼ ስለማውቅ ከፈትኩት፤ ጥጡን አውጥቼ ይኼን ከተትኩ። ጥጡን ፈተልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አራት ሆነው መጡ። ጎተራውን ገለበጡት፤ መደቡን ቆፈሩት። አንዱ ወጣት ታጣቂ ሳጥኑን መታ መታ አደረገና ‹እማማ፣ ይኼ ይሠራል?› አለኝ። ‹ይሠራል› አልኩት። ‹እስቲ ያጫውቱልን› አለ። አባትሽ አሮጌውን ባትሪ ትቶ ነበርና አጫወትኩለት። ጎንበስ ብሎ አዳመጠና ‹እማማ፣ የግራው ታፍኗል፤ ልክፈትልዎ? ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ምን እላለሁ! ‹ተባረክ› አልኩት። ሴንጢውን አውጥቶ አንዱን ብሎን ፈታ። ሁለተኛውን ሲጀምር አለቃው ከውጭ ጠራው። ‹ሌላ ቀን እመለሳለሁ› ብሎ ብሎኑን ኪሱ እንደያዘ ወጣ። ሚስማሩን እኔ መታሁበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ልጅ ደግነቱ ይዞት ይመለሳል እያልኩ ስንት ዓመት በር በሩን አየሁ።»

እኔ የአባቴን ትዝታ እየጠበቀች መስሎኝ ነበር።

«በኋላስ ለምን አላጠፋሽውም?»

«ብሎኑን ልፈታ ስል ያ ልጅ በር ላይ የቆመ ይመስለኛል። ደግሞም ልጄ ሲታሰር እሱ የጻፈው ሌላ ነገር የለኝም ነበር። የእጁ ነው ብዬ ተቀመጥኩበት።»

በማግስቱ ወንድሜ ምሳ ሊበላ ሲመጣ ከረጢቱን ሳናነሳው ጠበቅነው። ከእስር ከወጣ በኋላ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ እናቴ ቤት አድሮ አያውቅም። ይበላል፣ ትመርቀዋለች፣ ይሄዳል፤ ፊቷን ቀና ብሎ አያይም። ደብተሩን ሲያይ መጀመሪያ ያላወቀው መሰለ። ከዚያ አነሳው፣ ገለጠው፣ ስሞቹን በጣቱ እየነካ ወረደ።

«ይኼ ከየት መጣ?»

«ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም» አለች እናቴ። ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረ። «ደብቄልህ ነበር። አላገኙትም።»

«አግኝተውታል» አለ።

«አላገኙትም፣ ልጄ። ያው።»

«እማዬ፣ አግኝተነዋል ብለውኝ ነበር!» ጮኸ። ወንድሜ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። «ሦስት ቀን ዝም አልኳቸው። በአራተኛው ቀን መርማሪው ‹ያስቀመጥከውን ከእናትህ ቤት አውጥተነዋል። ካልተናገርክ እናትህን ነገ እናመጣታለን› አለኝ። ደብተሩ ከተገኘ ስሞቹ ሁሉ ተገኝተዋል፤ አንድ ስም ብናገር ምን ይጨምራል አልኩ። አንድ ስም ሰጠኋቸው። አንቺም ሳትታሰሪ ቀረሽ። ይኼን ሁሉ ዓመት አንቺን ያዳንኩሽ እየመሰለኝ ነው የኖርኩት።»

«ወረቀቱ ምን እንደሚመስል ነገረህ?» አልኩት።

«አልነገረኝም።» ደብተሩን ዘጋው። «እኔም አልጠየቅሁትም።»

እናቴ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። በየቀኑ አገልግል ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ እየቆመች ትመለስ ነበር። «አንዲት ቃል ቢያስገቡልኝ ኖሮ» አለች። «በአገልግሉ ውስጥ አንዲት ቃል ብልክ ኖሮ።» ይህንኑ ደጋገመችው።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን አቃጠልን። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ አረቄ ታወጣለች፤ ከእሳቱ የተነሳ የእኛ ጓሮ ሲጨስ ማንም አይጠይቅም። ደብተሩን ወንድሜ ራሱ ነው ቅጠል በቅጠል የማገደው። እኔ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ የግራውን ሳጥን በጥጥ ሞላሁት፤ የቆዳውን ቀለበት ለጠፍኩ፤ ትንሿን ስፒከርና ኮንደንሰሯን ቀየርኩ። ሲያልቅ ሁለቱንም አብሬ ሞከርኳቸው። ድምፁ ቤቱን ሞልቶ ከፊት ለፊታችን ቆመ። እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ደስ አላለኝም። እናቴ ተነስታ ወጣች። ወንድሜ «እትዬ፣ ዝጊው» አለኝ።

የሰጣቸው ስም ጅጋ የሚኖር የልጅነት ጓደኛው ነበር። አራት ዓመት ታስሮ ወጥቶ አሁን ልብስ ይሰፋል። ወንድሜ «ልነግረው ነው፤ ብቻዬን አልችልም» ስላለኝ በጭነት መኪና አብረን ሄድን። የገበያ ቀን ነበር። ሰውዬው ሲያየን ከልቡ ተደስቶ ለእኔ በርጩማ አቀረበልኝና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ወንድሜ ግን አልተቀመጠም። ቆሞ፣ ዓይኑን የስፌት መኪናው ላይ ተክሎ፣ ሁሉንም ነገረው፤ መርማሪውን፣ ውሸቱን፣ ሳጥኑን።

የመኪናው መርገጫ ቆመ።

«አንተ ነህ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«እኔ ነኝ።»

ይመታዋል ብዬ ተነሳሁ። አልመታውም። እጁ ላይ የነበረውን ኮት ለረዥም ጊዜ አጣጠፈው፤ ዘረጋው፤ መልሶ አጣጠፈው።

«እኔ ያጋለጠኝ የአክስቴ ልጅ ነው ብዬ ነበር» አለ። «የት እንደማድር ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከወጣሁ ጀምሮ ሰላም ብዬው አላውቅም። ሁለቴ ሽማግሌ ላከ፤ መለስኳቸው። ታሞ ሲጣራ አልሄድኩም። ባለፈው ዓመት ሞተ፤ ለቅሶው ላይም አልቆምኩም።»

ወንድሜ ይኼን አልጠበቀም ነበር። የሱቁን መቃን ያዘ። ልብስ ሰፊው መኪናውን በጨርቅ ሸፈነ፤ ደንበኛ እየጠራው ሱቁን ቆለፈና «ና፣ እንሂድ» አለው። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅንም።

በጭቃው አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። አክስቱ ከቤታቸው ጀርባ በቆሎ ውስጥ አረም ይነቅላሉ። ልብስ ሰፊው ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። አሮጊቷ ደንግጠው እኛን አዩን።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ልጅዎን በድዬ ነበር» አላቸው፤ ከመሬት ሳይነሳ። «እሱ አልነበረም። ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

አሮጊቷ የነቀሉትን አረም እንደያዙ ቆሙ። ልጃቸው ከሞተ በኋላ ይህን ነገር የሚጠብቁት አልመሰለኝም። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«‹ምን በድዬው ይሆን፣ እማዬ?› ይለኝ ነበር። ‹አንቺ ታውቂያለሽ?› ይለኛል። እኔ ምን አውቄ!»

ዝናቡ መጣ። «ግቡ» አሉ። ልብስ ሰፊው አልገባም፤ ወንድሜም ተከትሎኝ አልገባም። ሁለቱ በቆሎው ዳር፣ አንዱ ከአንዱ ራቅ ብለው፣ ዝናቡ እየደበደባቸው ቆሙ። አሮጊቷ መደብ ላይ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጡኝና፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ፣ «የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። የአባቴን ስም ልጠራ ስል ዓይኔ በበሩ በኩል ወደ በቆሎው ዳር ሄደ።

ልብስ ሰፊው ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ለአክስቱ ቀሚስ ይሰፋላቸዋል፤ ማሳቸውንም ያርማል። ከወንድሜ ጋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ። እጅ አይጨባበጡም። ወንድሜ ግን ከጅጋ በተመለስን ሌሊት እናቴ ቤት አደረ፤ ብዙም ሳይቆይ የተከራየውን ቤት ለቀቀ።